ጀልባዋን አፍርሼ እንደገና ስሠራ

በ2014 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ሥራውን ጨርሶ ከአካባቢያችን የወጣ አንድ ድርጅት ያገለገሉ ንብረቶቹን በጨረታ ሲሸጥ፣ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ60፣ የመካከል ስፋቷ 1 ሜትር ከ40 የሆነች አነስተኛ የአልሙኒየም ጀልባ ከነሞተሯ ገዝቼ ጅማ ከሚገኘው ግቢዬ አስገባሁ። ከዚያ በፊት ጀልባ ኖሮኝ አያውቅም። ይሁን እንጂ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በአሰንዳቦ አካባቢ የሚገኘው የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ለዓመታት የዕረፍት ቀኔ መዋያ ስለነበረ፣ ሰው ለምኜ ከመሳፈር ይልቅ በራሴ ጀልባ ቆሮሶ ማጥመድ ተመኘሁ። ጀልባዋን ለማሻሻል የሠራሁትን፣ ቀጥሎም ያንኑ አፍርሼ የደገምኩትን የምጽፈው ተመሳሳይ ጀልባ እጁ የገባ ሰው የእኔን አንድ ዓመትና የእኔን ወጪ እንዳይደግም ብዬ ነው።

ጀልባዋ ባዶዋን 65 ኪሎ ግራም ስለምትመዝን ሁለት ሰው አንሥቶ አይሱዙ ላይ ይጭናታል። ሞተሩ በሚታሰርበት በኋላኛው ሳንቃ ላይ የተመታች አንዲት ትንሽ ሰሌዳ 3 ሰው፣ ሞተሩን ጨምሮ በጠቅላላው 215 ኪሎ ግራም ጭነት፣ ከ10 የፈረስ ጉልበት ያልበለጠ ሞተር ትላለች። እኔ ይህችን ሰሌዳ የፋብሪካ ጌጥ አድርጌ ቆጥሬያት ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው መዶሻ ከማንሣቱ በፊት ማንበብ ያለበት እርሷን ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ ባለች ቀላል ጀልባ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ጣውላ የሚቀነሰው ከሰውና ከዓሣው ድርሻ ነው።

ጅማ የእንጨት ሥራ አገር እንደመሆኗ የመጀመሪያ ሐሳቤም እንጨት ነበር። መካከለኛው መቀመጫ መተላለፊያ ይዘጋል ብዬ በግራይንደር ቆርጬ አወጣሁት። በምትኩ ከፊት አፍንጫዋ እስከ መካከሏ የሚደርስ፣ ቆሜ መረብ የምጥልበት፣ ከወለሉ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መድረክ አሠራሁ። ለመድረኩና ለወለሉ ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሁለት ሙሉ ሄደ። ለተሸካሚነት ደግሞ ከአንድ ወዳጄ ግቢ ያገኘኋቸውን፣ ለኤሌክትሪክ ምሰሶነት ኬሚካል የጠጡ አረንጓዴ የባሕር ዛፍ ቁራጮች አስሰነጠቅሁ። አናጺው «ይህንን ምስጥ አይነካውም፤ የልጅ ልጆችህ ይሳፈሩበታል» ብሎኝ ነበር። በመጨረሻም ሁሉንም ምንጣፍ አለበስነው። እውነቱን ለመናገር አምሮ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ላዩ ላይ ተቀምጠው ፎቶ ሳይነሡበት የቀሩ አይመስለኝም።

ያኔ ያላሰብኩትን ስሌት እዚህ ላስቀምጠው። ባለ 18 ሚሊ ሜትር አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ 30 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ሁለቱ 60። ባሕር ዛፉ 25። ሞተሩ 27፣ ቤንዚኑ ከነጀሪካኑ 10። ይህ ሁሉ ሲደመር 122 ኪሎ ግራም ስለሚሆን ሰሌዳዋ ከፈቀደችው 215 ውስጥ ለሰው፣ ለመረብና ለዓሣ የሚተርፈው 93 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። እኔ ብቻዬን 78 እመዝናለሁ። ሦስት ሰው እንድትጭን የተሠራችውን ጀልባ ለአንድ ሰው ከግማሽ አድርጌያት ወደ ውኃ ወሰድኳት ማለት ነው።

ሐይቁ በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ያቆረው ውኃ በመሆኑ ከፍታው ከወር ወር ይለያያል፤ ክረምቱ ሲወጣ ሞልቶ ይታያል፣ በበጋው ማብቂያ ደግሞ ሸሽቶ ጭቃውንና በውኃ የተዋጡ የዛፍ ጉቶዎችን ያሳያል። በሚያዝያ ጀልባዋን ጭቃው ዳር ስናወርድ፣ መረባቸውን ይጠግኑ የነበሩ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ተነሥተው ዙሪያዋን ከተመለከቱ በኋላ በኦሮምኛ «ልጄ፣ ይህ ጀልባ ነው ወይስ ቆጥ?» አሉኝ። «አባ፣ ጀልባ ነው» ብዬ ሳቅሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሳቁ አልነበረም። መድረኩ ላይ ቆሜ መረቡን በግራ በኩል ስስብ ጀልባዋ ወደዚያው አዘነበለች፤ ጠርዟ ከውኃው በላይ የቀረው አራት ጣት እንኳ አይሞላም ነበር። ከኋላ የነበረው ጓደኛዬ ፈጥኖ በቀኝ በኩል ወለሉ ላይ ባይተኛ ኖሮ ውኃው ይገባ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው 35 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲቆም የክብደቱ ማዕከል አብሮት ይወጣል፤ 65 ኪሎ ግራም የምትመዝን ጀልባ ደግሞ ከላይዋ የቆመውን 78 ኪሎ ግራም ሰው የምትመልስበት የራሷ ክብደት የላትም። በትልልቅና ሰፋፊ ጀልባዎች ላይ የምናየው ከፍ ያለ መድረክ የቆመው በእነርሱ ስፋት ላይ ነው።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ማዕበል በመታን ቁጥር የጀልባዋ ጎኖች እንደ ቆርቆሮ ይርገበገቡ ነበር። ለካ ቆርጬ ያወጣሁት መቀመጫ ለመቀመጥ ብቻ የተሠራ አልነበረም። በእንዲህ ያሉ ጀልባዎች መቀመጫዎቹ ግራና ቀኙን ጎን ገትረው የሚይዙ ማገሮች ናቸው፤ ማገሩ ሲወጣ ጎኑ ይተነፍሳል፣ ጎኑ ሲተነፍስም ሪቬቶቹ፣ ማለትም ቆርቆሮዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙት ችንካሮች፣ ቀስ በቀስ ቀዳዳቸውን ያሰፋሉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ቢኖር መካከለኛውን መቀመጫ እንዳይነካ የሚለውን ቢወስድልኝ እወዳለሁ።

ክረምቱን ጀልባዋ ሸራ ሳትለብስ ግቢ ውስጥ ከረመች። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ይገምታል። በመስከረም ምንጣፉን ስገልጠው የበሰበሰ ቅጠል ሽታ ወጣ፤ ኮምፔንሳቶው አብጦ ንብርብሩ ተላቋል። ከመድረኩ ላይ ደረቅ ሳለ 12 ኪሎ ግራም የነበረውን አንድ ቁራጭ ከጎረቤቴ የቡና ሚዛን ላይ አስቀምጬ ብመዝነው 17 ኪሎ ግራም ሆኖ አገኘሁት። የከፋው ግን ከሥር ያለው ነበር። አረንጓዴው ባሕር ዛፍ አልሙኒየሙን በነካበት መስመር ሁሉ እንደ ጨው ያለ ነጭ ዱቄት ተጋግሯል፤ ዱቄቱን በብሩሽ ስጠርገው ብረቱ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ተበሳስቷል። አንደኛው ጉድጓድ ላይ የጥፍሬን ጫፍ ሳስገባ ወደ ውስጥ ጠለቀ።

ያን እንጨት አረንጓዴ ያደረገው በውስጡ ያለው የመዳብ ውሁድ ነው። መዳብና አልሙኒየም እርጥበት መካከላቸው ገብቶ ሲገናኙ እንደ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ በዚህ ውስጥ ሁልጊዜ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። እንጨቱም ምንጣፉም ውኃ ይዘው ስለቆዩ ባትሪው ክረምቱን ሙሉ ሳይጠፋ ሠራ። በዚሁ ምክንያት የነሐስ ብሎን፣ የመዳብ ሽቦ ቁራጭ፣ ከኪስ የወደቀ ቢጫ ሳንቲም እንኳ በጀልባው ሆድ ውስጥ መቅረት የለበትም። የማይዝግ ብረት ብሎን መጠቀም ግድ ከሆነ በላስቲክ ወይም በፕላስቲክ ሮንዴላ ለይቶ፣ ቀዳዳውን ውኃ በማያስገባ ማሸጊያ ሞልቶ ማሰር ይሻላል። ያንን እንጨት ፈልጦ ለማገዶ ማዋልም አይገባም፤ ኬሚካሉ ውስጥ አርሴኒክ ስለሚገኝ ጢሱም አመዱም መርዝ ነው። እኔ ለአጥር ቋሚነት ቀበርኩት። ከኮምፔንሳቶው የተረፈው ደረቅ ክፍል ደግሞ የዶሮ ቆጥ ሆነ፤ አዛውንቱ ነግረውኝ ነበር።

ሁሉን አውጥቼ ባዶዋን ካስቀረኋት በኋላ ከመጀመሪያው መጀመር ወደነበረብኝ ሥራ ተመለስኩ፤ እርሱም የሚያፈሰውን ማወቅ ነው። ጀልባ የት እንደሚያፈስ ለማወቅ ውኃ ላይ አስቀምጦ ውስጡን ከማየት ይልቅ መሬት ላይ አስቀምጦ ውስጡን ውኃ መሙላትና ውጪውን ማየት ይቀላል። ሆኖም አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ሆዷ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሞላ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚሆን በሁለት አግዳሚ ላይ ተንጠልጥላ ብሞላት ኖሮ ትጎብጥ ነበር። ስለዚህ አሮጌ ጎማዎችና አሸዋ የሞላባቸው ማዳበሪያዎች ከሥሯ ደልድዬ፣ ሆዷን ከውጭ በጨርቅ አድርቄ፣ የሰፈሩ ልጆች በጀሪካን እየቀዱ ሞሉልኝ። ከሥር ተንጋልዬ ጠበቅሁ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ በአንዲት ሪቬት ዙሪያ የፀጉር ያህል የቀጠነ ጥቁር ክብ መጣ፤ ክቡ ወፍሮ ጠብታ ሆነ፣ ጠብታውም ግንባሬ ላይ ወደቀ። በማርከር እየከበብኩ ስቆጥር 17 ሪቬትና ተበልቶ የተበሳ አንድ ጉድጓድ አገኘሁ።

ከእነዚህ መካከል 11ዱ የላሉ ብቻ ነበሩ። አንድ ሰው ከውጭ የሪቬቱን ራስ በከባድ ብረት ደግፎ ሲይዝ ሌላው ከውስጥ ጭራውን በመዶሻ ደጋግሞ ሲመታው ይጠብቃል፤ ሁለቱ ሰዎች ካልተግባቡ ግን ቆርቆሮው ይጎደጉዳል። የቀሩትን 6 በፑንታ ቦርቡሬ አወጣኋቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን እኔም ተሳስቼ ነበር፤ የአልሙኒየም በርና መስኮት ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ተራ ሪቬት መታሁበት። ያ ሪቬት መካከሉ ክፍት ነው፤ ውኃ በልቡ በኩል ይገባል፣ ውስጡ የሚቀረው የብረት ቁራጭም ይዝጋል። የሚያስፈልገው ጫፉ ድፍን የሆነው ነው። ጅማ ስላጣሁት ከመርካቶ አስመጣሁ፤ እያንዳንዱንም ከመምታቴ በፊት በማሸጊያ ነከርኩት።

ስለ ማሸጊያው ትንሽ ልበል። መጀመሪያ ላይ ለመስኮት የሚሆነውን ሲልከን ቀብቼ ነበር። ሲከፈት ሆምጣጤ የሚሸተው ሲልከን ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ለአልሙኒየም አይመችም፤ በሦስት ወሩም እንደ ማስቲካ ተላቀቀ። ከዚያ የባሰው ሲልከን በነካው ቦታ ላይ ሌላ ማሸጊያም ሆነ ቀለም አልይዝ ማለቱ ነው። ሙሉ ሁለት ቀን በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ዋልኩ። አሁን የምጠቀመው የፖሊዩረቴን ማሸጊያ ሲሆን፣ ዋጋው ከሲልከኑ በብዙ ቢበልጥም ከብረቱ ጋር አብሮ ይሳሳባል። የተበሳውን ጉድጓድ በአልሙኒየም ቁራጭ ከውስጥ ለጥፌ፣ በማሸጊያና በሪቬት አሰርኩት። ለማስበየድ አስቤ የነበረ ቢሆንም አልሙኒየም በተራው የብረት ብየዳ አይሆንም፤ ብረቱ በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ ላዩን የሸፈነው ኦክሳይድ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ አርጎን ጋዝና የለመደ እጅ የሌለው በያጅ ከነካው ቀዳዳውን አስፍቶ ይመልስልሃል።

መካከለኛውን መቀመጫ ከአልሙኒየም አንግልና ላሜራ መልሼ አሠራሁ፤ ይህንንም የመስኮት ሠሪዎቹ አሳምረው ሠርተውታል። በእርሱ ሥር ደግሞ መጀመሪያ ጨርሶ ያላሰብኩትን የመንሳፈፊያ ነገር አስገባሁ። አልሙኒየም ከውኃ 2.7 ጊዜ ይከብዳል፤ ውኃ የሞላባት ጀልባ ትሰምጣለች ማለት ነው። ብረቱ ራሱ የሚገፋውን ውኃ ስንቀንስ 65 ኪሎ ግራሙን ለመያዝ 41 ሊትር ያህል የታሸገ አየር ይበቃል። ሞተሩን በሙሉ 27 ብዬ ያዝኩት፣ ለባትሪና ለልዩ ልዩ ዕቃ 10 ጨመርኩ፣ ሰው ጠርዟን ይዞ ሊንጠለጠል ስለሚችል ለእርሱም 30 አከልኩ፤ 108 ሊትር ሆነ። የፍራሽ ስፖንጅ ውኃ ስለሚጠጣ አይሆንም፤ ነጩ የዕቃ ማሸጊያ ፎም ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ይሟሟል። ስለዚህ ሃይላንድ የምንለውን ባለ 2 ሊትር የውኃ ፕላስቲክ 60 ፍሬ ሰብስቤ፣ ክዳናቸውን በሙጫ አጥብቄ፣ በአሮጌ መረብ አስሬ በሦስቱ መቀመጫዎች ሥር ወደ ጎኖቹ አስጠግቼ ከፍ አድርጌ ሰቀልኳቸው። ከታች ሆዷ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ ውኃ ስትሞላ ተገልብጣ ትንሳፈፍ ነበር። ይህንን በወሬ አላመንኩም፤ ጥልቀቱ ከወገብ በማይበልጥ ዳር፣ አዛውንቱ ጉማሬ አይደርስበትም ባሉኝ ቦታ፣ ሞተሩን አውርጄ በምትኩ ድንጋይ አስሬ ውኃ ሞላኋት። ጠርዟ ከውኃው ጋር እኩል ሆኖ ቀጥ ብላ ቆመች።

ወለል አስፈላጊ ነው፤ ሆዷን በሚያጠነክሩት አግዳሚዎች፣ ማለትም በጎድን አጥንቶቿ ላይ እየረገጡ መዋል እግር ይሰብራል። አሁን ያለው ወለል ግን ባለ 9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ግማሹ ብቻ ሲሆን 8 ኪሎ ግራም አይሞላም፤ የተቀመጠውም በጎድን አጥንቶቹ ላይ ነው። ከመቁረጤ በፊት ከሦስት ሱቅ ያመጣኋቸውን የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ናሙናዎች በድስት ከሰል ምድጃ ላይ ጥጄ አንድ ሰዓት ቀቀልኳቸው። ሁለቱ እንደ ቅንጬ ተበተኑ፤ አንዱ ብቻ ሙጫው ያዘ፣ የገዛሁትም እርሱን ነው። ባለቤቴ ድስቱን እስካሁን ለወጥ አልመለሰችውም። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ሙጫ ሦስት ጊዜ ቀባሁ፤ እንጨት ውኃ ይበልጥ የሚጠጣው ከፊቱ ይልቅ በጠርዙ ነውና። ወለሉ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በመወርወሪያ ብቻ ስለተያዘ በየወሩ አንሥቼ ሥሩን አጥባለሁ። ምንጣፍ አላነጠፍኩም።

ሞተሩ ሌላ ትምህርት ነበር። ሲገዛ አብሯት የመጣው ባለ 8 የፈረስ ጉልበት ሞተር እግሩ ረጅም ነው፤ ለ51 ሳንቲ ሜትር ሳንቃ የተሠራ ሲሆን የጀልባዋ የኋላ ሳንቃ ግን 38 ብቻ ነው። ውኃውን እየተሽከረከረ ከሚገፋው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው አግዳሚ ሳህን ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ወይም ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ብላ መቀመጥ ሲገባት 13 ሳንቲ ሜትር ወርዳ ነበር፤ ሐይቁ ሲሸሽ ሞተሩ ጭቃ ያርስ የነበረው ለዚህ ነው። የኋላውን ሳንቃ ስፈታው ውስጡ እንደ ቡና ዝቃጭ ስለፈረሰ፣ ሁለት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በኢፖክሲ አጣብቄ አዲስ ሠራሁ፣ በዚያውም በ12 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁት፤ ከፍታው ሲጨምር ሞተሩ ሳንቃውን የሚገፋበት ኃይል ስለሚበረታ ከመቀመጫው ጋር በአንግል ደገፍኩት። ጉልበቱን በተመለከተ፣ ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ይደክማል፤ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,670 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የ8ቱ ጉልበት ከ7 በታች ይሆናል። ትልቅ ሞተር ከመመኘት ይልቅ እርምጃው፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት፣ አነስ ያለ ፕሮፔለር መግጠም ይሻላል፤ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ኤሌክትሪኩ አጭር ነው፤ አንድ መብራት ብቻ አለኝ። ባትሪው ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ነው፣ ኔጌቲቩ እንደ መኪና ከአካሉ ጋር አልታሰረም፤ ከአካሉ ጋር ቢታሰር አልሙኒየሙን የሚበላውን ያንኑ ባትሪ በራስ እጅ መሥራት ይሆናል። ቀለም ከውስጥ ብቻ ቀባሁ፣ እርሱም አልሙኒየም ላይ በሚጣበቅ ፕራይመር (የመሠረት ቀለም) ላይ ነው፤ ውጪው ባዶውን ይሻላል።

ዛሬ ጀልባዋ ክረምቱን ተገልብጣ በጎማዎች ላይ ታሳልፋለች። 30 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት አንድ ከሰዓት 4 ካሬ ሜትር አፍ ላላት ጀልባ 120 ሊትር ውኃ ማለት ስለሆነ ክፍት አድርጎ መተው አይታሰብም። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬንና እኔን ይዛ ጉቶ መታች፤ ሆዷ ጎደጎደ እንጂ አልተቀደደም። ከፊት አፍንጫዋ በታች ግን አንዲት ሪቬት እንደገና ማላብ ጀምራለች፤ በቀን አንድ ብርጭቆ ውኃ አይሞላም። በማርከር ከብቤያታለሁ፤ ሐይቁ ሸሽቶ ጀልባዋ ግቢ ስትውል በሚያዝያ እለውጣታለሁ።